የእትዬ ውዴ ኮምፒውተር ለምን ይጠፋ ነበር

ጡረታ በወጣሁ ማግስት ሰው ሁሉ «እንግዲህ አረፍህ» ይለኝ ጀመር። የቱ ላይ እንዳረፍሁ እስካሁን አልገባኝም። መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አልብሶኝ፣ ሁለት ሦስት ሰው እኔ ራሴ ስለ ራሴ የማላውቀውን ደግ ደግ ነገር ተናግሮልኝ ቤቴ ስገባ፣ ባለቤቴ የተቃጠለ ካውያ ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ። «አሁንማ ጊዜ አለህ» አለች። ጋቢዬን አወለቅሁና ካውያውን ፈታሁ።

ዕድሜዬን ሙሉ ጠጋኝ ነኝ። በሬድዮ ጀምሬ፣ በታይፕራይተር አልፌ፣ በኮምፒውተር ጨረስሁ። ዕቃ ግራ አጋብቶት የማያውቅ ጠጋኝ ካለ ይምጣና እጁን ልሳመው፤ እኔን ግን ስንቱ አደናግሮኛል። ከሁሉም የባሰው ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የመጣ አንድ ሥራ ነው። የአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ተቃጠለና ቀይርልኝ ተባልሁ። ፓወር ሰፕላይ ማለት ከግድግዳ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ አሳንሶ ለኮምፒውተሩ የሚያጎርሰው ሣጥን ነው። መቀየሩ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እኔ ግን ክረምቱ ወጥቶ በጋው እስኪጋመስ ተንከራተትሁበት።

መጀመሪያ ግን ሙያውን ያስያዙኝን ሰው ላንሳ። ጋሽ ደመላሽ ይባላሉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ደብረ ማርቆስ ገበያው ዳር የሬድዮ ጥገና ሱቅ ነበራቸው። ሱቅ ከተባለ! እሳቸው ከተቀመጡ እኔ ቆሜ ነው፤ እኔ ከተቀመጥሁ ደንበኛው ውጭ ነው። ሬድዮ ሲመጣላቸው ከመፍታታቸው በፊት ጀርባውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ያሸቱታል። «ይሄ ነዷል» ካሉ ነዷል። «ይሄ አልነደደም፣ ፈርቷል» ካሉ ደግሞ የላላ ሽቦ አለ ማለት ነው። እኔም አሸትት ነበር፤ ለእኔ ግን ሁሉም አቧራ አቧራ ነው የሚሸተኝ።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው። ባለ ዕቃውን «ምን ሆነብህ?» ብለው አይጠይቁም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ባለ ዕቃ እውነቱን አይነግርህም» አሉኝ። «ዋሾ ሆኖ አይደለም፤ ያፍራል። ልጁ የጣለው እንደሆነ ልጁን ላለማሳጣት፣ ራሱ የጣለው እንደሆነ ራሱን ላለማሳጣት 'በራሱ ዝም አለ' ይልሃል። አስቀምጠውና እንደ ቤቱ አድርጎ ሲከፍተው ዝም ብለህ እይ።» አንድ ቀን አንድ ገበሬ «በራሱ ነው ዝም ያለ» እያለ ሬድዮ አመጣ። ጋሽ ደመላሽ ዱካ ሰጡትና «እስቲ ዜና አሰማን» አሉት። ሰውየው ቁልፉን ጠመዘዘ፤ ትንሽ ጠበቀ፤ ከዚያ ሳያስበው የሬድዮውን ጀርባ በመዳፉ ጧ አደረገው። ጋሽ ደመላሽ ሳይስቁ ሬድዮውን ተቀበሉትና ጥፊው ካረፈበት ሥር የለቀቀውን ብየዳ አገኙት።

ከእሳቸው ቀጥሎ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የጥገና ክፍል ገባሁ። ቢቸናም ሞጣም ተመድቤ ሠርቻለሁ። የደመወዙን ነገር ተዉት። ደብረ ማርቆስ ስመለስ የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች መጥተው ጠበቁኝ። የዚያን ጊዜው አለቃችን ኃይለኛ ሰው ነበሩ፤ አቧራ ፈርተው ጫማ ሳናወልቅ ኮምፒውተር ክፍል አያስገቡንም። ያ ደንብ ለረጅም ጊዜ ጸና። አንድ ቀን ግን ከክልል እንግዳ መጣና ሁላችንም ጫማችንን ስናወልቅ የአለቃችን አውራ ጣት ከካልሲያቸው ብቅ ብላ ታየች። በማግስቱ ደንቡ ያለ ማስታወቂያ ተሻረ።

እትዬ ውዴን ያወቅኋቸው በዚያ ክፍል ነው። የታይፕ ጸሐፊ ነበሩ። ሌሎቹ ጸሐፊዎች ኮምፒውተሩን ሲሸሹት እሳቸው «ምን ያደርገኛል፣ አይናከስ!» ብለው ተቀመጡበት። ያኔ የነበረው የአማርኛ መጻፊያ ፊደሎቹን የደረደረበት ቦታ ዛሬ ካለው ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። እትዬ ውዴ ያን በጣታቸው አጠኑት። ሲጽፉ ቁልፎቹንም ስክሪኑንም አያዩም፤ በመስኮት ውጭ ውጭውን እያዩ፣ ከእኛ ጋር እየተጫወቱ ገጹን ይሞሉታል። ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ዕቃ በጨረታ ይሸጥ ነበርና ያቺኑ የሚሠሩባትን ኮምፒውተር ከነማተሚያዋ ገዙ። ከዚያ ወደ ትውልድ አገራቸው ቁይ ተመልሰው፣ ከፍርድ ቤቱ ማዶ ባለች አንድ ክፍል ማመልከቻ ጸሐፊ ሆኑ። ገበሬው ነገሩን ይነግራቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ፍርድ ቤት እንዲገባው አድርገው ይጽፉለታል።

አንድ ልጅ አላቸው፤ ይበልጣል ይባላል፣ ባሕር ዳር መንግሥት ሠራተኛ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ «ብቻሽን አትኖሪም፤ እኔ ጋ ነይ» እያለ ይወተውታቸዋል። እሳቸው ደግሞ «ማሽኔ እየሠራች እኔ የሰው ቤት ጥግ ላይ አልቀመጥም!» ይላሉ። ንትርኩ ሲበዛ የንስሐ አባታቸውን አስቀምጠው ቃል ገቡለት። ማሽኗ ያበቃላት ዕለት ያለ አንዳች ክርክር አብረውት ይሄዳሉ፤ እስከዚያ ግን አይጠይቃቸውም። በንስሐ አባት ፊት የተገባ ቃል እንደማይታጠፍ ሁላችንም እናውቃለን። እንግዲህ ክረምቱ ሲወጣ ስልኬ ጮኸና «አለኸኝ፣ ማሽኔ ጨሰች» ሲሉኝ ምን ማለት እንደሆነ ገብቶኛል።

ሄጄ አየሁት። እንደ ጋሽ ደመላሽ አሸተትሁት፤ የዚህን ጊዜስ ማንም ይሸተዋል፣ ቤቱ ሁሉ የተቃጠለ ላስቲክ ላስቲክ ይላል። ፓወር ሰፕላዩ ውስጡ አርሮ ነበር። ሌላው የኮምፒውተሩ አካል ደኅና ነው። እንደሱ ያለ አሮጌ ዓይነት ከየት ይምጣ? ስንቱን ለምኜ አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ ከካርቶኑ ያልወጣ ለአሮጌ ኮምፒውተር የሚገጠም አዲስ ፓወር ሰፕላይ በአውቶቡስ ላከልኝ። እሰይ ብዬ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሰካሁት። ሙቀቱን የሚያበርደው ፋን አንድ ጊዜ ነቅነቅ አለና ቆመ። ነቀልሁ፣ ሰካሁ። ነቅነቅ፣ ዝም።

እንዲህ ያለ ፓወር ሰፕላይ ሸክም ካልጫኑበት አልሠራም የሚልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የመኪና የፊት መብራት አምፖል ሸክም አድርጌ አሰርሁለት። ተነሣ! ግን መለኪያውን ሳስቀምጥበት አምስት ቮልት መስጠት ያለበት ሽቦ አራት ላይ ይንገዳገዳል። በዚያ ጉልበት ኮምፒውተር አይነቃም። ሣጥኑን ስከፍተው ኤሌክትሪክ የሚያቁሩት ካፓሲተሮች አናታቸው እንደ ቡኮ ኩፍ ብሏል። «አዲስ» የተባለው ዕቃ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ አርጅቷል ማለት ነው። ከሞተ ቴሌቪዥን ጤነኛ ካፓሲተሮች ነቅዬ ተካሁለት። አምፖሉ ቦግ አለ፤ አምስቱም ቮልት ቀጥ አለ። ወደ ኮምፒውተሩ የሚገቡት ሁለቱ መሰኪያዎች ሲገጠሙ ጥቁር ሽቦ ከጥቁር ሽቦ ጎን መሆን አለበት፤ የተሳሳተ ሰው ሁሉንም አመድ ያደርገዋል። እሱንም ሦስቴ አይቼ ገጠምሁ። የድሮው ማብሪያ ወደ ላይ ወደ ታች የሚገለበጥ ደንዳና ነገር ነበር፤ እሱን አንሥቼ ተጭነው የሚለቋት ለስላሳ ቁልፍ አደረግሁለት።

ቁይ ወስጄ አበራሁት። ነፍስ ዘራ። ደግሞም ዝም ያለ! እኔ የነካሁት ዕቃ አይጮህም፤ ይሄ ኩራቴ ነው። ከዓመታት በፊት የሚያፏጨውን ዲስኩን በማይሽከረከር ካርድ ተክቼዋለሁ፤ የሚያንጫርረውን አሮጌ ስክሪንም በዝርጉ ቀይሬዋለሁ። አሁን ደግሞ የአሮጌው ፋን ማጓራት ቀረ። «እትዬ፣ እንኳን እርስዎ ድመትም አትነቃበት» ብዬ ፎከርሁ። እሳቸው ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው «እውነት እየሠራች ነው?» አሉኝ። «ይኸው!» አልሁ። መረቁኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ስልክ። «አለኸኝ፣ ትጠፋለች።»

«እንዴት ነው የምትጠፋው?»

«አንዳንዴ ትሠራለች፣ አንዳንዴ ስጽፍ ስጽፍ ውዬ ላትም ስል የለችም።»

ሄድሁ። ከአጥሩ ማዶ «ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ!» ብዬ ተጣራሁ። «ግባ አለኸኝ፤ በል አንተው አብራልኝ፣ እጅህ ይባረክ» አሉኝ። አበራሁት። ጻፉ፤ አተሙ። ሲጨርሱ እንደ ልማዳቸው ወረቀቱን ለባለ ጉዳዩ ሰጡና «እስቲ አንብብልኝ፣ የጻፍሁት ለሰው ይገባ እንደሆነ ልስማ» አሉት። ያን ልማዳቸውን በጣም እወድላቸው ነበር፤ ጥንቃቄ ነው እያልሁ። ቀኑን ሙሉ ተቀመጥሁ፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠፋም። ደብረ ማርቆስ ሳልደርስ ደወሉ። ጠፍቷል።

የግድግዳው መሰኪያ ነው ብዬ ቀየርሁ። መብራቱ ይዋዥቃል ብዬ ስታብላይዘር አመጣሁ። መሬት ውስጥ ብረት ቀብሬ ሽቦ አሰርሁ። ካፓሲተሮቹን እንደገና ፈትቼ በሌላ ተካሁ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? በስተመጨረሻ ዓይጥ ሽቦ በልታ ይሆናል ብዬ ሣጥኑ ውስጥ የዓይጥ መድኃኒት አስቀመጥሁ። እኔ ስኖር ይሠራል፤ ዞር ስል ይጠፋል። ተሸክሜ ቤቴ አመጣሁትና ቀንና ሌሊት አበራሁት። ንቅንቅ አላለም። ባለቤቴ ቆማ አየችውና «ይሄ ኮምፒውተር አንተን ይፈራሃል» አለች። «ካልሆነም ጠበል ውሰደው።» እኔ አልሳቅሁም። የምሬን ጠበሉን እያሰብሁ ነበርና።

መለስሁላቸው። ጠፋ። እትዬ ውዴ በስልክ ድምፃቸው እየሰለለ መጣ። «ባለ ጉዳይ እየመለስሁ ነው፤ ሰው ምን ይለኛል?» ይላሉ። ከዚያ በላይ የማደርገው ጠፋኝ። በሐሙስ ቀን ለልጃቸው ደወልሁና «ይበልጣል፣ የእኔ ሙያ እዚህ ላይ አበቃ። ማሽኑ አይሆንም» አልሁት። «እሺ ጋሼ፤ ቅዳሜ መጥቼ እወስዳታለሁ» አለና ዘጋ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ዕቃ «አይሆንም» ብያለሁ፤ ሰው ከቤቱ የሚያስወጣ «አይሆንም» ግን ተናግሬ አላውቅም። ያን ማታ እራት አልበላሁም።

አርብ ዕለት ቁይ ሄድሁ። ስታብላይዘሬን ላምጣ አልሁ ለባለቤቴ፤ እውነቱ ግን እትዬ ውዴን ሳልሰናበት መቅረት አላስችል ብሎኝ ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እንደ ወትሮዬ ልጣራ ስል ውስጥ አንድ ሰው ነገሩን እየተናገረ ነው። ሳይጣሩ ሰው ቤት መግባት በእኛ አገር ነውር ነው፤ አቤቱታውን የሚናገር ሰው ማቋረጥ ግን ከዚያም የባሰ ነውር ነው። ስለዚህ ድምፄን ውጬ ቀስ ብዬ ገባሁና በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ።

የሚናገሩት አያ አንሙት የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ ጎረቤት ወሰን ገፍቶባቸው። እትዬ ውዴ ፊታቸው ወደ እኔ ነበር። በመካከላችን ሁለት ክንድ ቢኖር ነው። እጅ ነሳሁ። ፊታቸው አልተለወጠም። «የወሰኑን ድንጋይ ማን ነቀለው አልህ?» እያሉ መጠየቃቸውን ቀጠሉ። ልጃቸው ነግሯቸው ተቀየሙኝ አልሁ በልቤ። መሄድም አፈርሁ፣ መቀመጥም አፈርሁ።

ከዚያ «በል እንጻፈው» አሉና እጃቸውን ዘርግተው ቁልፏን ተጫኑ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሽ ነጭ ጽሑፍ ብቅ አለ። ኮምፒውተሩ እየነቃ ነው። እትዬ ውዴ ጆሯቸውን ወደ ሣጥኑ አስጠጉ፤ ጠበቁ። ፊታቸው ጨለም አለ። ቁልፏን ደግመው ተጫኑ። ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ። እሳቸው ቀና ብለው ተቀመጡና፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው፣ በጠፋው ኮምፒውተር ላይ ይጽፉ ጀመር።

ጣቶቻቸው እንደ ድሮው ናቸው። ቀጥ፣ ፈጠን። አያ አንሙት ጥቁሩን ስክሪን አዩ፤ ዞር ብለው እኔን አዩ፤ ሌባ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። እንዲያ ሆነን ቆየን። እትዬ ውዴ «ተከሳሽ ከሕግ ውጭ...» እያሉ ለራሳቸው ያነበንባሉ፤ እኛ ሁለታችን ተከሳሾቹ የሆንን ይመስል ትንፋሻችንን ይዘናል። ጨርሰው እንዲታተም አዘዙ። ማተሚያው ዝም። «ይኸው!» አሉ፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጣሉት። «ይኸው ደግሞ ጠፋች! አያ አንሙት፣ ምን ላርግህ? አፈርሁብህ እኮ።»

«ምን ቸገረኝ፤ ተመልሼ እመጣለሁ» አሉ አያ አንሙት፤ ድምፃቸው ውስጥ አንዳች የቅሬታ ነገር የለም። ሲወጡ ተከትያቸው ወጣሁ።

አጥሩ ጋ ስንደርስ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኋቸው።

«ዓይናቸው? ኧረ ቆይቷል ወንድሜ።»

«ሰው ያውቃል?»

«ማን የማያውቅ አለ?»

«ታዲያ ማሽኑ መጥፋቱን ለምን አይነግሯቸውም?»

ተቆጡኝ። «ምን ብዬ? 'አላዩትም' ብዬ? እሳቸው ሳያነሡት እኔ ማን ነኝና አነሣዋለሁ? ይሉኝታ የለኝም እንዴ!» ትንሽ ሄድ አሉና ተመለሱ። «ሌላ ጸሐፊማ ሞልቷል። እሳቸው ግን ነገሬን ጠይቀው ጠይቀው እኔም የረሳሁትን ከሆዴ ያወጡታል። መመላለሱ ምኔ ነው።»

ብቻዬን መንገዱ ላይ ቆምሁ። ነገሩ አንድ በአንድ ይመጣልኝ ጀመር። ስክሪኑ አይታያቸውም፤ የኮምፒውተሩን መንቃትና መተኛት የሚያውቁት በድምፁ ነበር። ዲስኩን ዝም ያሰኘሁት እኔ። ስክሪኑን ዝም ያሰኘሁት እኔ። ከድምፁ ተርፎ የነበረው የአሮጌው ፋን ማጓራት ብቻ ነው፤ እሱንም «ድመት አትነቃበት» ብዬ አነሣሁት። የሚገለበጠው ማብሪያ ደግሞ ቢያንስ ለእጅ ይናገር ነበር፤ የእኔ ለስላሳ ቁልፍ ሲበራም ሲጠፋም ያው ነው። አልበራም ብለው ሲጠራጠሩ ይጫኑታል፤ ያጠፉታል። ሳይጠራጠሩ በቀሩበት ቀን ይሠራል። እኔ ስመጣ ደግሞ ከደጅ ተጣርቼ እገባለሁ፤ «አንተው አብራልኝ» ይሉኛል። ስንት ወር ሙሉ ጤነኛ ሣጥን ስፈታ ከረምሁ ማለት ነው! ጋሽ ደመላሽ ቢያዩኝ ምን ይሉ ነበር? ልስቅም ላለቅስም ከጀለኝ።

ቁጭ ብዬ ማሰብ ነበረብኝ፤ ግን ነገ ቅዳሜ ነው። አጥሩን ዞሬ ተመለስሁና ገና አሁን እንደመጣ ሰው «ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ!» አልሁ።

«አለኸኝ! አለኸኝ ነህ?» ብድግ አሉ። «በል ግባ። ይበልጣል ነገ ይመጣል። ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከትቻለሁ።» አልተቀየሙኝም። አልጋው ላይ አንዲት ትንሽ ሻንጣ ተቀምጣ አየሁ።

የተቃጠለውን አሮጌ ፓወር ሰፕላይ እንዳልጥለው ለምነውኝ ጥግ ላይ አስቀምጠውት ነበር። ከውስጡ ፋኑን ፈታሁ። ዘይቱ የደረቀ፣ መዘውሩ የተበላ፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳላየው የምጥለው ነገር ነው። አዲሱን ጸጥተኛ ፋን አውጥቼ እሱን ገጠምሁ። ዘይት ላደርግለት እጄ በልማድ ወደ ቦርሳዬ ሄደ፤ መለስሁት። ለስላሳዋን ቁልፍም ነቅዬ የድሮውን ደንዳና ማብሪያ መለስሁ። አንድ ጠጋኝ ዕቃ ሆን ብሎ ሲያበላሽ የሚሰማውን እኔ አውቀዋለሁ፤ ደስ አይልም። ማብሪያውን ገለበጥሁት።

አጓራ! ጠረጴዛው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። እትዬ ውዴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና «እሷ ናት» አሉ። «እሷ ናት እኮ! ምን አደረግሃት?»

«ሙቀት ነው እትዬ» አልሁ። «አዲሱ ፋን ደካማ ነው፤ ሣጥኑ ሲግል ራሱን ያጠፋል። በድሮው ተካሁት።» በሙያዬ ስም እንዲህ ያለ ውሸት ዋሽቼ አላውቅም።

«ሙቀት ነው?»

«ሙቀት ነው።»

እጄን ፈልገው ያዙት፤ ቶሎም አልለቀቁትም። «እንግዲህ ሙቀት ነው እንበል» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም፤ ለመጠየቅም ወኔ አጣሁ። አያ አንሙትን ሰው ልከን አስመለስናቸውና እትዬ ውዴ ማመልከቻውን ከመጀመሪያው እንደገና ጻፉት፤ ከጠፋው አንድ ቃል ያጎደሉ አይመስለኝም። ማተሚያው ተንጫጫ። ወረቀቱን ለእኔ ዘረጉና «አንብብልኝ እስቲ፣ ለሰው ይገባ እንደሆነ» አሉኝ። አነበብሁ። አንድም ፊደል አልሳቱም።

ቁይ አደርሁ። በማግስቱ ይበልጣል መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ጩኸቱን ሰማ፤ እናቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ሲጽፉ፣ ባለ ጉዳይ አግዳሚውን ሞልቶ ሲጠብቅ አየ። ሻንጣዋ አሁንም አልጋው ላይ ናት። ፊቱ ላይ ምን እንዳለ ማንበብ አልቻልሁም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ጮክ ብሎ «ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው? ወፍጮ ቤት ነው እንዴ? እርስዎን የሚያህል ባለሙያ እንዲህ የሚያጓራ ሥራ ሠርቶ ይሰጣል?» አለኝ። ባለ ጉዳዩ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁትን ስም ለዚያች ቀን ተውሁት። «እርጅና ነው ልጄ» አልሁ። «እጄ ደክሟል። ከዚህ የተሻለ አልመጣልኝም።»

«ይጠፋል?»

«አይጠፋም።»

እትዬ ውዴ ሳይዞሩ «ማሽኔ አላበቃላትም። ቃል ቃል ነው!» አሉ። ይበልጣል ምሳ በላ፤ እናቱን ጉልበታቸውን ሳመ፤ ሻንጣዋን ከአልጋው አንሥቶ ቁምሳጥኑ ላይ ሰቀላት። ከዚያ «ጋሼ፣ እስከ መናኸሪያ ይሸኙኝ» አለኝ።

ወደ መናኸሪያው ሄድን። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። መኪናው ሊሞላ ሲል ቆም አለና «ዓይኗን ሐኪም ጋ የወሰድኋት እኔ ነኝ» አለኝ። «እንደማይመለስ ነግረውኛል። እሷ ጠብታው ተሻለኝ ብላ ዋሸችኝ፤ እኔም የተሻላት መስዬ ኖርሁ። ማሽኑ ሲያበቃ ዓይኗን ሳላነሣባት እወስዳታለሁ ብዬ ነበር ያን ቃል ያስገባኋት። ሐሙስ ሲደውሉልኝ ደስ ያለኝ መሰለኝ። ማታ ደወልሁላት፤ እያለቀሰች አላለቀስሁም አለችኝ። ዛሬ ደግሞ ያን ጩኸት እየሰማች ስትጽፍ አየኋት።» እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። የማን ምስጢር ከማን እንደምደብቅ እንኳ ጠፍቶኝ ነበር።

ረዳቱ «ግቡ! ግቡ!» እያለ ይጮሃል። ይበልጣል አንድ እግሩን መኪናው ላይ አድርጎ ዞረ።

«ጋሼ፣ ያ ፋን አሮጌ ነው፤ አንድ ቀን መሞቱ አይቀርም። እንደሱ የሚጮህ ሌላ አለዎት?»

«አለኝ» አልሁት። አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ደብረ ማርቆስ ያሉትን የአሮጌ ዕቃ ሻጮች አንድ በአንድ እዞራለሁ። ፋኑን ሰክቼ ጆሮዬን አስጠጋለሁ፤ ጸጥ ያለውን እመልሳለሁ። ሻጮቹ «ጋሽ አለኸኝ፣ ይሄኛው እኮ ይጮሃል፤ ደኅናውን ይውሰዱ» ይሉኛል። «የሚጮኸውን ጠቅልልልኝ» እላለሁ። እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ግራ ይገባቸዋል።